የቅዳሜ ጎተራ

ሲኤምሲ ጠዋት ላይ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ የተማሪ ሰርቪሶቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ልጆቹን ለቅመው ይሄዳሉ። ከዚያ የቤት መኪኖቹ አንድ በአንድ ከግቢው ይወጣሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን በሕንፃው ውስጥ የምንቀረው የቤት ሠራተኞቹ፣ ዘበኛውና እኔ ነን። የቤት ሠራተኞቹ ሥራ አላቸው። ዘበኛው ሬዲዮ አለው። እኔ ጡረታ አለኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቀ ተማሪ ፊት ቆሜ "ዝም በሉ" እያልኩ ነው ያረጀሁት። እንደዚያ ስለምነው የኖርኩት ዝምታ አሁን ቤቴ ድረስ መጥቶ ሲቀመጥ ግን አልወደድኩትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝምታው አይነቅዝም። የሚነቅዘው ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። እሷ እያለች በቤታችን ማውራት የሷ ሥራ ነበር። ልጃችን አንድ ነው፤ አትላስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል፣ ቤትም እዚያው አቅራቢያ ተከራይቷል። ልጁ ሲናፍቀኝ ናፈቅኸኝ ብዬው አላውቅም። እሷ ስልኩን ታነሳና "አባትህን ናፍቀኸዋል፣ ቅዳሜ ና" ትለዋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ማን ናፈቀኝ አለ? ሥራ ያለበትን ልጅ አታስቸግሪው" እላለሁ። ቅዳሜ ይመጣል፣ እኔም እንደ ድንገተኛ እንግዳ አድርጌ እቀበለዋለሁ። አሠራራችን እንዲህ ነበር። እሷ ስትሄድ "ና" የሚል ሰው ከቤቱ ጠፋ።

ከአትላስ ሲኤምሲ ሩቅ አይደለም፤ ጎበዝ በእግሩ ይመጣዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰበብ ነው። ሰበብ ያገኘ ሰው ከጎንደር ይመጣል፤ ሰበብ ያጣ ከጎረቤት አይመጣም። ይህን ለተማሪዎቼ ሳላስተምራቸው ጡረታ መውጣቴ ይቆጨኛል።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሲበተን ልጄ አንድ ቅዳሜ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። "ብቻህን እንዳይከፋህ ብዬ ነው" አላለኝም። እኛ እንደዚያ አንነጋገርም። "ቢሮ አዲስ ሲገዙ ይሄን አስወገዱት፣ አንተ ትሠራበታለህ" ነው ያለኝ። ዊንዶውሱን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጭኖበት ነበር።

"ቫይረስ አያስቸግረውም፤ ለአሮጌ ማሽን ደግሞ አሪፍ ነው" አለ።

"ለአሮጌ ሰውስ?" አልኩት።

ሳቀ። እናቱን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

ያን ቅዳሜ ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና ሪፖዚተሪ ስለሚባለው ነገር ያስረዳኝ ጀመር። ይህ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያስፈልገው ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ያገኘውን አይለቅምም አለ። የታወቁ ማስቀመጫዎች አሉት። አድራሻቸው አንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱ ማስቀመጫ የራሱ ማኅተም አለው፤ ኮምፒውተሩ ማኅተሙን አይቶ ካላመነበት ቅንጣት እንኳን አይወስድም።

"ጎተራ በለኛ" አልኩት። "ገበሬ ቤት እህል ሲያልቅ ከመንገደኛ ይገዛል እንዴ? ከጎተራው ነው የሚያወጣው።"

"ልክ ነህ አባዬ፤ ጎተራ በለው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ሪፖዚተሪ ስሙ ጎተራ ሆኖ ቀረ። አድራሻዎቹ ያሉበትን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። አንዱ መስመር አንድ ጎተራ ነው። ፊቱ ላይ መሰላል የምትመስል ምልክት ያለችበት መስመር የተዘጋ ጎተራ ነው፤ ምልክቷን ስታጠፋት ይከፈታል። አንዱ ለዋናው ፕሮግራም፣ አንዱ ለደኅንነት ማሻሻያ፣ ሌላው ሌሎች ሰዎች እያዘጋጁ ለሚያዋጡት። አንደኛውን አድራሻ አጥፍቶ በሌላ ተካው። ለምን ስለው ሩቅ አገር ስለሆነ ቀረብ ባለ አገር ያለውን ቅጂ መጠቀም ይሻላል አለኝ። የትኛው አገር ብዬ ጠየቅሁ። ነገረኝ። እኔ ደግሞ የዚያን አገር ዋና ከተማ፣ ወንዞችና የአየር ጠባይ ነገርኩት። እሱ ስለ ጎተራ፣ እኔ ስለ አገሩ እያወራን ቀኑ መሸ።

ሲሄድ ሁለት ትእዛዝ አስተምሮኝ ሄደ። "ሱዶ አፕት አፕዴት" ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ጎተራዎቹን ዞሮ ምን አዲስ ነገር ገባ ብሎ ይጠይቃል። "አፕግሬድ" ስለው የገባውን ያመጣል። በማግስቱ ብቻዬን ልሞክር ስል የይለፍ ቃሉን ብጽፍ ብጽፍ አንዲት ፊደል እንኳን አትታይም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ደወልኩለት። "አይታይም አባዬ፤ እንዲህ ነው የተሠራው። ዝም ብለህ ጻፈውና ኢንተር በለው" አለኝ። ሳያይ የሚያምን ብፁዕ ነው ብዬ ጻፍኩት፤ እውነትም ሠራ።

ለተወሰነ ጊዜ ቅዳሜዎቹ ሁሉ እንዲህ ሆኑ። በየሳምንቱ የሚጫን ወይም የሚስተካከል ነገር አይጠፋም ነበር። ከሁሉ የወደድኩት የምድርን ሉል የሚያሳየውን ፕሮግራም ነው፤ ሉሉ ያለ ኢንተርኔትም ይዞራል። ትምህርት ቤት እያለሁ አንድ የካርቶን ሉል ነበረችኝ። ተማሪው ሁሉ መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው አገሩ ላይ ስለሆነ ኢትዮጵያ ተፍቃ ነጭ ሆና ነበር። ይኼኛው በጣት ብዛት አይፋቅም። ስከፍተው ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ የሚያየው ሉሉን ሳይሆን እኔን ነበር።

አባትና ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማውራት አይሆንላቸውም፤ ቢያንስ እኛ አይሆንልንም። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ነገር ስናይ ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ፕሮግራሙ ከጎተራ እየወረደ፣ የመቶኛው ቁጥር ቀስ እያለ ሲያድግ፣ ልጄ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ትናንት እማዬን በሕልሜ አየኋት" ይለኛል። እኔም ስክሪኑን እያየሁ "እንዴት ነበረች?" እላለሁ። "ትስቅ ነበር።" ከዚያ ቁጥሩ መቶ ይሞላል፤ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ክፋቱ ልጄ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ሠርቶ ሠርቶ የሚበላሽ ነገር አሳጣኝ። "አሁን ሁሉም አውቶማቲክ ነው አባዬ፤ ምንም መንካት አይጠበቅብህም" አለኝ አንድ ቅዳሜ በኩራት። እኔም "ጎበዝ" አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ስልክ ይደውላል፣ "ሰላም ነው?" ይላል፣ "ሰላም ነው" እላለሁ፤ "ኮምፒውተሩስ?" ይላል፣ "ደህና ነው" እላለሁ። እውነትም ደህና ነበር። ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ደግሞ የጠየቀኝ የለም፣ ብጠየቅም አልናገርም።

የመስከረም አንድ ለት ጠዋት ደውሎ "እንኳን አደረሰህ አባዬ፤ ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ መውጣት አልችልም" አለኝ። "ሥራህን ሥራ" አልኩት። ታች ያሉት ጎረቤቶች ቤት እንግዳ ሲገባ ሲወጣ እሰማለሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሴፕቴምበር ይላል። በገዛ አገሬ፣ በገዛ ዓመት በዓሌ፣ ቤቴ ውስጥ ያለው ብቸኛ አነጋጋሪዬ ሴፕቴምበር ይለኛል! ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አሁን አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን ጥፋተኛው ስክሪኑ መስሎኝ ነበር። የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ከፈትኩ፣ አውቶማቲክ የሚለውን አጠፋሁ፣ ወር አንድ፣ ቀን አንድ፣ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ አድርጌ ሞላሁት። ማሽኑ መስከረምን ጃንዋሪ ብሎ ጻፈልኝ። ይበል፤ የመጀመሪያው ወር መሆኑን ካመነ ስሙን እንደፈለገ ይጥራው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን መጠበቅ የኔ ሥራ ሆነ። የእኛ ወር ሠላሳ ላይ ያልቃል፤ የሱ ሠላሳ አንድ ሊል ይፈልጋል፤ እመልሰዋለሁ። ጥቅምትን ፌብሩዋሪ ነው ስለሚል ሃያ ስምንት ላይ ጨረስኩ ብሎ አስቸገረኝ፤ ሁለቱን ቀን እንደምንም ታገስኩትና የኅዳር አንድ ለት እንደ ሰነፍ ተማሪ ጆሮውን ይዤ መስመሩ ውስጥ አስገባሁት። ጳጉሜ ስትመጣ ምን እንደምንሆን እግዜር ይወቅ። ግን ጠዋት ስነሳ የማደርገው ነገር አገኘሁ። በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ ላይ ድረ ገጽ ስከፍት አልከፍትም ማለት ጀምሮ ነበር። ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እዚህ አገር ሁሉም ነገር በኔትወርክ ይሳበባል። ለወሬውም ለዜናውም ስልኬ ይበቃኛል።

በኅዳር አጋማሽ ላይ የሰማይ ከዋክብትን የሚያሳይ ፕሮግራም ልጫን ብዬ ትእዛዜን ጻፍኩ። ሌላ ጊዜ መስመሮቹ ተራ በተራ ይወርዱ ነበር። አሁን ግን አንዱም ጎተራ አይሠራም፤ ስክሪኑን ረጅም የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ሞላው። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሳላነበው አንዴ አጥፍቼ አበራሁትና ስልኬን አነሳሁ።

"ሃሎ አባዬ፣ ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው። ጎተራዎቹ እምቢ አሉ።"

"ምን ይላል?"

"ብዙ ነገር ይላል። ስትመጣ ታየዋለህ።"

"ሪስታርት አድርገህ ሞክረሃል?"

"ሞክሬያለሁ።"

"በቃ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት የሚወደውን ዳቦ ገዛሁ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ስቤ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ የጠበቅሁት እንዳይመስል መልሼ ቦታው ወሰድኩት። ስድስት ሰዓት ላይ በስልኬ መልእክት ገባ። "አባዬ ሥራ ገባብኝ፤ በሚቀጥለው።" በሚቀጥለውም ያው ሥራ ገባበት። ዳቦውን ለዘበኛው ሰጠሁት። ሦስተኛው ቅዳሜ ሳይደርስ ደወለና "አባዬ ካስቸኮለህ ጉርድ ሾላ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ወስደህ አሳያቸው" አለኝ።

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያስቸኮለኝ ኮምፒውተሩ መስሎታል። ወገቤ እንኳን እንዲህ አሞኝ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እኔ ደግሞ ልጅ አለኝ በአትላስ።

በእልህ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ በባቡር ጉርድ ሾላ ወረድኩ። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ አገኘሁ። ባለሙያዋ ሴት ናት፤ ቁና ቁና ስተነፍስ አይታ ወንበር አመጣችልኝ። ከፈተችውና ፊቷን አጨማደደች።

"አባባ፣ ይሄ ሊኑክስ ነው እንዴ? ማን ጫነልዎት?"

"ልጄ።"

"እኛ በብዛት ዊንዶውስ ነው የምንሠራው። ከፈለጉ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልዎት፤ ምሳ በልተው እስኪመጡ ያልቃል።"

"ፎርማት ስታደርጊው ልጄ የሠራው ሁሉ ምን ይሆናል?"

"ይጠፋል። ግን ፋይልዎን አስቀድሜ በፍላሽ አወጣልዎታለሁ።"

ፋይል የለኝም። እዚያ ውስጥ ያለው ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኔ ተቀምጦ የጻፋቸው መስመሮች ናቸው፤ ያንን በፍላሽ እንዴት ያወጡታል? ላፕቶፑን ዘጋሁት። ልጅቷ ደግ ናት፤ ምንም አልተቀየመችኝም። እስከ በሩ ሸኝታኝ "ልጅዎን ቢጠሩት ይሻላል አባባ፣ የጫነው ሰው ነው የሚያውቀው" አለችኝ። እሱን መጥራት ቀላል ቢሆን ኖሮ ጉርድ ሾላ ምን አመጣኝ?

ቤቴ ገብቼ ፌስታሉን ፈታሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ማስጠንቀቂያ እስከዚያ ሰዓት አላነበብኩትም ነበር። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የጎተራው ሰነድ ገና አልጸናም፤ የሚጸናው ይህን ያህል ቀን ሲያልፍ ነው ይላል። የቀኑ ብዛት በሺህ ነው የሚቆጠረው። ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት አካፈልኩት። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ መጣ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ባዶ ቤት ውስጥ የራስን ሳቅ መስማት ደስ አይልም፤ ቶሎ አቆምኩ። ግን ነገሩ ገብቶኛል። ጎተራው ማኅተሙ ላይ ቀን ይጽፋል። የኔ ኮምፒውተር ደግሞ በእኔ ትእዛዝ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚኖረው፤ ለሱ ያ ቀን ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ ገና ካልደረሰ ቀን የመጣ እህል አልቀበልም አለ። እምቢ ያሉት ጎተራዎቹ አልነበሩም፣ የኔው ማሽን ነው፤ እሱም ትክክል ነበር። የቀን መስመርንና የዘመን አቆጣጠርን ልዩነት ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

አውቶማቲክ የሚለውን መልሼ ከፈትኩት። ቀኑ ዘሎ የፈረንጅ ሆነ። ትእዛዜን ጻፍኩ። ጎተራዎቹ ሁሉ አንድ ሳይቀሩ መለሱ፤ መስመሮቹ እንደ ዱሮው ይወርዱ ጀመር። ራሴ አገኘሁት፣ ራሴ ሠራሁት። ዞር ብዬ ለሰው ልናገር ስል ማንም የለም።

ያኔ ደስታዬ በረደ። ኮምፒውተሩ ከተሠራ ልጄ ለምን ይመጣል? እንኳን ተሠርቶ፣ ተበላሽቶም አልመጣ። "ተሠራ" ብዬ ብደውል "ጎበዝ አባዬ" ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ገና፣ ምናልባትም እስከ ፋሲካ። ብዙ ሰዓት ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ቀኑን ወደነበረበት መለስኩት፤ ወር ሦስት፣ ዓመቱ በእኛ። አፕዴት ብዬ ሞከርኩ፤ ሁሉም እምቢ አለ። በጣም ጥሩ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌ ነኝ፤ ውሸት አልወድም። ስለዚህ ደውዬ እውነቱን ብቻ ተናገርኩ።

"ጉርድ ሾላ ወሰድኩት።"

"እና ምን አሉ?"

"አንተ የጫንከውን ሁሉ አጥፍተን ዊንዶውስ እንጫንበት አሉ።"

"እንዳታስነካቸው አባዬ። ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር።

መጣ። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ላፕቶፑን ከፈተ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱን የማይ መሰልኩ። መስታወቱ ላይ ግን እሱን ነበር የማየው። ትእዛዙን ጻፈ፤ ማስጠንቀቂያው መጣ። አነበበው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ፣ ወደ ቀኑ ሄደና እዚያው ቆመ። ከሱ ሙያ አንጻር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አሁን ይስቅብኛል፣ ያስተካክለዋል፣ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ።

ቀኑን አልነካውም። የአድራሻዎቹን ገጽ ከፈተ። መሰላሏን ምልክት አንዱ መስመር ላይ አደረገ፣ ከሌላው ላይ አጠፋ። ማኅተሞቹን አውጥቶ እንደገና አስገባ። ያንኑ ደግሞ መልሶ አፈረሰው።

"ይሄ ትንሽ ከበድ ይላል አባዬ" አለኝ።

"ይከብዳል?"

"ጊዜ ይፈጃል።"

"ምሳ ትበላለህ?"

"እበላለሁ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ስለ ከባዱ ብልሽት በቁም ነገር እየተነጋገርን ምሳችንን በላን። ከምሳ በኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል። እንዲህ ስንል ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

"አባዬ" አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ሥራ ገባብኝ ስልህ ሁልጊዜ ሥራ ኖሮብኝ አይደለም።"

ካመጣው ሙዝ አንድ ገንጥዬ አጠገቡ አስቀመጥኩለት።

"እስከ መገናኛ መጥቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። እዚህ በር ላይ ስደርስ እማዬ የምትከፍትልኝ ይመስለኛል። አንተ ስትከፍተው..." ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። "አንተን መጥላት እንዳይመስልህ።"

እንዲህ ባለ ሰዓት ምን እንደሚባል የምታውቀው እሷ ነበረች፤ እኔ አላውቅበትም። ስክሪኑን እያየሁ ያለኝን እውነት ነገርኩት።

"እኔም በሩ ሲንኳኳ ቶሎ አልነሳም" አልኩት። "እሷ ትከፍታለች ብዬ ቁጭ እላለሁ።"

ልጄ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ኮምፒውተሩ ፊታችን ተከፍቶ ዝም ብሎ ቆየን።

ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ ቀኑ ማስተካከያ ገባ። አውቶማቲኩን ከፈተ፤ ቀኑ ዘሎ ዲሴምበር ሲሆን በዓይኔ አየሁ። አፕዴት አለ፤ ጎተራዎቹ ሁሉ መለሱ። የከዋክብቱንም ፕሮግራም ጫነልኝ። "በቃ ተስተካከለ" አለ፤ ድምፁ ግን የተስተካከለ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከተረፈው ምሳ ልቋጥርለት ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ላፕቶፑን ዘግቶ ጃኬቱን ለብሷል። በሩ ላይ ተሳሳምን። "ካስቸገረህ ደውል" ብሎኝ ወረደ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ ታክሲ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየሁት።

ቤቱ ወዲያው ቀዘቀዘ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሰው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ዝምታው ከበፊቱ ብሶ ይገባል። ምን ይጠብቀኛል ብዬ አሰብኩ። ነገ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ሰኞ ሰርቪሶቹ ይመጣሉ፣ መኪኖቹ ይወጣሉ፣ እኔና ዘበኛው እንቀራለን። ልጄም ሥራውን ጨርሷል። ከዋክብቱን ልይ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ማርች ይላል። ሦስተኛው ወር፣ ኅዳራችን። ሰዓቱም በእኛ ነው፤ ዓመቱም በእኛ።

መጀመሪያ ዓይኔን ነው የጠረጠርኩት። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ። ከዚያ ማስተካከያውን ከፈትኩ፤ አውቶማቲኩ ጠፍቷል። ሲከፍተው አይቻለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም፣ እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ምግብ ስቋጥር ነበርኩ። አፕዴት አልኩት፤ አንድም ሳይቀር ሁሉም እምቢ አለ። ልጄ ያስተካከለውን ኮምፒውተር ሆን ብሎ መልሶ አበላሽቶት ሄዷል።

እንደዚያው ተውኩት። እሑድን እንደምንም አሳለፍኩ፤ ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ ወጥተው እንዳለቁ ደወልኩለት።

"ጎተራዎቹ እምቢ አሉ" አልኩት።

"ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ" አለኝ።

ሪስታርት አድርገህ ሞክረሃል ብሎ አልጠየቀኝም።